መስከረም ላይ ለወላጅ የሚነገረውና የማይነገረው



በየዓመቱ በዚህ በመስከረም ሰሞን እዚህ መራዊ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ቀበሌ ድረስ የሚወርድ ወሬ አለ። ምዝገባ ተጀምሯል፤ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ቤት እንዳይውል፤ ያለፈውን ዓመት ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ መሸኛውን ያቅርብ። ይኸው ቃል ገበያ መሀል በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፤ ቅዳሴ ሲያልቅ በዐውደ ምሕረት፣ ከሰዓት ደግሞ በዕድር ይደገማል። መልካም ነው። በደኅናው ዘመን ቢሆን ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ወላጅ ማወቅ ከሚገባው ግማሹ አልተነገረውም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ስላልተነገረው ግማሽ ለመናገር ነው።

አንዲት ልጅ በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ስም አልሰጣትም፤ በየቤታችሁ አለች። በ2012 አራተኛ ክፍል ነበረች። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት የአገሩ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ በ2013 ጥቅምት መከፈት ሲጀምር የአራተኛን ግማሽ ሳትማር አምስተኛ ገባች። ስድስተኛን በ2014፣ ሰባተኛን በ2015 ጨረሰች። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ሳይገባ፣ ክልላችን ወደ ጦርነት ገባ። 2016 እንደ ተዘጋ አለፈ፤ 2017ም እንዲሁ። ዘንድሮ፣ በ2018፣ በዕድሜዋ አሥረኛ ክፍል መቀመጥ ነበረባት። ካርዷ «ወደ 8ኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል። በጭንቅላቷ የቀረው ግን የአምስተኛ ይሁን የአራተኛ ማንም አልጠየቃትም።

እንግዲህ ይህች ልጅ የት ትቀመጥ? በድምፅ ማጉያው የማይነገረው ይህ ነው።

ብቻዋን ብትሆን ኖሮ አንድ መላ በተባለላት። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለመመዝገብ አቅዶ ያገኘው ከግማሽ በታች ነው። ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጭ ሆኖ ዓመቱን ፈጀ፤ ምዕራብ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። 

አንዳንድ ወላጅ «ይከፈት እንጂ ልጁ ይደርስበታል፤ ልጅ ፈጣን ነው» ሲል እሰማለሁ። እኔም እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ አገር የተጠና ነገር ግን ተቃራኒውን ይላል። በ1998 መስከረም መጨረሻ ላይ ሰሜን ፓኪስታንን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፤ ትምህርት ቤት ፈረሰ። ከተሰነጠቀው መሬት አጠገብ የነበሩ ልጆች በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ከትምህርት ቀሩ። ሦስት ወር ከምናምን ማለት ነው። ከዚያ ተመለሱ። ተመራማሪዎች ከአራት ዓመት በኋላ ሄደው ሲያዩ ቤቱ ተሠርቷል፤ የሰዉ ኑሮም ከሞላ ጎደል እንደ ዱሮው ሆኗል። ልጆቹን ሲፈትኗቸው ግን መንቀጥቀጡ ካላገኛቸው እኩዮቻቸው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ።

ልብ በሉ፤ የጠፋው ሦስት ወር ነው፤ የታጣው አንድ ዓመት ተኩል። የቀረው ከየት መጣ? ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ነው የመጣው። አስተማሪው መጽሐፉ ከሚጀምርበት ጀመረ እንጂ ልጁ ካቆመበት አልጀመረም። ልጁ የመጀመሪያው ሳምንት አልገባውም፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ የተሠራ ነውና እሱም አልገባውም፤ እንዲህ እያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከክፍሉ ራቀ። ሁለት ዓመት ጦም ያደረን መሬት ሳያርሱ ዘር ቢበትኑበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ ለገበሬዎቹ አልነግራችሁም።

ከዚያው ጥናት አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህኛው ያስደስታል። እናታቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የጨረሰች ልጆች ወደ ኋላ አልቀሩም። እናት ቤት ውስጥ የልጇን ክፍተት አየች፤ ሞላችው። እዚህ ከተቀመጣችሁት አያቶች መካከል በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በማታ ፋኖስ ፊደል የቆጠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ፊደል መቁጠራችሁ ለልጅ ልጃችሁ ዛሬ ይደርሳል። ያልቆጠራችሁም አትሥጉ። የማታነብ እናት ልጇን «በል እስቲ፣ ይህን ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ማለት ትችላለች። ልጁ ሲደናቀፍ፣ ሲንተባተብ፣ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ሲደርስ እስትንፋሱ ሲያጥር ጆሮዋ ይሰማል። የጎጃም እናት ዳዊት ሲደገም ቃሉ ሲሳት የምታውቅ ናት፤ ይህ አያቅታትም።

ዳዊትን ካነሣሁ ዘንዳ፣ ይህ አገር በአሁኑ ችግራችን ላይ ቀድሞ መላ ያገኘ አገር ነው። ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤቶች እስከ ትንሹ የደብር ጓሮ ድረስ፣ የኔታ አዲስ የመጣን ልጅ ዕድሜህ ስንት ነው ብለው ቦታ አይሰጡትም። «የት አቁመሃል?» ነው የሚሉት። ፊደል ላይ ያለው ፊደል፣ ንባብ ላይ ያለው ንባብ፣ ዳዊት የጀመረው ዳዊት። ለአዝመራ ብሎ ቤቱ ሄዶ ሁለት ወር የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት መስመር ይቀጥላል። ጢም ያበቀለው ከአሥር ዓመቱ ልጅ ጎን ተቀምጦ ሲያዜም የሚስቅበት የለም። የኔታ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለሆነ ደግሞ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። ዱላውን አልመኘውም። ሴት ልጅን አብዛኛውን ጊዜ ማራቁንም አላመሰግንም። ተማሪን ካቆመበት የማስጀመሩን ብልሃት ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ትቶታል፤ አሁን የሚያስፈልገን ደግሞ እሱ ነው።

በሌላው ዓለም ይህንኑ እንደ አዲስ አግኝተውታል። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በቀን ለአንድና ለሁለት ሰዓት ከክፍላቸው አውጥቶ፣ በሚያነቡት ልክ ቡድን እያበጀ ያስተምራል፤ ፊደል የሚለየው ለብቻ፣ ቃል የሚያነበው ለብቻ፣ አንቀጽ የሚያነበው ለብቻ። ውጤቱ ተደጋግሞ ተለክቷል። እኛም አገር ስፒድ ስኩል እየተባለ የሚጠራው የተፋጠነ ትምህርት ከትምህርት ውጭ የነበሩ ልጆችን በአሥር ወር የሦስት ክፍል ትምህርት አስጨርሶ ወደ መደበኛው አራተኛ ክፍል ሲያስገባ ቆይቷል። እዚህ በወረዳችን በሜጫ ውስጥ ሊደረግ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚፈልገው ትዕግሥትና ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጽሐፉን መዝጋት ነው።

መጽሐፉን መዝጋት ስል መምህራን ፊታችሁ እንደተቀየረ አያለሁ። «ፖርሽን መሸፈን አለብን፤ ስድስተኛና ስምንተኛ ላይ ክልላዊ ፈተና አለ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ስንተኛው ምዕራፍ ደረሳችሁ ነው የሚለን» ትሉኛላችሁ። እኔም ጠመኔ ይዤ ኖሬአለሁና ጭንቁን አውቀዋለሁ። ግን ፖርሽን መሸፈን ምን እንዳተረፈልን እንይ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበር፤ በ2017 ደግሞ 8.4። ይህ የመላ አገሪቱ ነው፤ ጥይት ያልተሰማበትም አገር አለበት። እነዚያ ልጆች ሁሉ ፖርሽን ተሸፍኖላቸው ነበር እኮ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸፍኖላቸው ነበር። ችግሩ መጽሐፉ አለመድረሱ ሳይሆን ልጁ ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ሳይችል ማለፉ ነው። ካሪኩለሙ ሁለት ዓመት የታጎለውን ልጅ ታሳቢ አድርጎ አልተጻፈም። የወረዳ ኃላፊዎች ካላችሁ ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ ቀይሩለት። መምህሩ ፈርቶ ነው ምዕራፍ የሚያሯሩጠው።

አሁን ደግሞ ወላጆች ትክክለኛ ወሬ ያልደረሳችሁ ጥቂት ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። ልጃችሁ ከ2015 በኋላ ካልተማረ የተወው ትምህርትና የሚያገኘው ትምህርት አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል። አንደኛ ደረጃ ከአንድ እስከ ስድስት፣ መካከለኛው ሰባትና ስምንት፣ ሁለተኛ ደረጃ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ነው። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። የታላቅ ወንድሙ አሮጌ አጋዥ መጽሐፍ ለታናሹ ላያገለግል ይችላልና ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ።

ካርድ ጠፋብኝ ብሎ ልጁን ቤት ያስቀመጠ አባት ካለ ይስማኝ። ትምህርት ቤት ሲዘረፍና ሲቃጠል ሮስተሩም አብሮ ጠፍቷል፤ የልጁ ጥፋት አይደለም። ካርድ የሌለውን ልጅ ርእሰ መምህሩ ፈትኖ ይመድበው እንጂ ከበር አይመልሰው። የዩኒፎርሙም ነገር እንዲሁ ነው። የ2015 ዩኒፎርም ዛሬ ጉልበት ላይ ደርሷል፤ አዲስ መግዣ የሌለው ብዙ ነው። ቢያንስ ለዚህ ዓመት ልጅ በለበሰው ይግባ። መዋጮም በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ያልከፈለ ሰው ልጅ ስሙ በሰልፍ ላይ መጠራት የለበትም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ይህን ካልተቆጣጠረ ሥራው ምንድን ነው?

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ልጆቻችሁ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል፤ ሽንኩርቱም፣ ድንቹም፣ ጎመኑም፣ ስንዴውም የልጅ እጅ ለምዷል። ከተማ ያለው ባጃጅ ላይ ወጥቷል፤ ጫኝና አውራጅ ሆኗል፤ ሌላው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዷል። ብር የያዘን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደብተር ያዝ ማለት ቀላል አይደለም። አባቱም በልቡ ያሰላል፤ አልፈርድበትም። ትምህርት ቤቱ ግን ይህን ልጅ እንደ ዱሮው ከጠዋት እስከ ማታ ካልመጣህ ካለው ያጣዋል። በፈረቃ ይማር። ግማሽ ቀን እርሻ፣ ግማሽ ቀን ክፍል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉና ዳጉሳው ሲሰበሰብ ግማሹ ወንበር ባዶ እንደሚሆን መምህር ሁሉ ያውቃል። የሚታወቅ ነገር ከሆነ ፈተናውን ያን ሰሞን አታድርጉት፤ ከባድ አዲስ ምዕራፍም አትጀምሩበት።

የሴት ልጅ ነገር ይለያል። ወንዱ ለገንዘብ ሲወጣ ሴቷ ለባል ወጣች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብዙ አባት «እስከ መቼ እጠብቃታለሁ፣ ዘመኑም አያስተማምንም» አለ። ሥጋቱ የሐሰት አልነበረም። ቢሆንም የቤተሰብ ሕጋችን ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ጥር ሲመጣ ሕጉን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ የልጅቱን ዕድሜ እያወቀ ነው የሚያልፈው። ያገቡትስ? እዚህ ላይ የምለው አንዳንዱን ያስቆጣ ይሆናል። ያገባች ልጅ፣ የወለደችም ብትሆን፣ መማር ከፈለገች ክፍል ትግባ። ሕፃኗን የምትይዝላት አማት ካለች አማቷ ትመስገን። «ልጆቻችንን ታበላሻለች» የሚል ወላጅ ካለ፣ ልጆቹን የሚያበላሸው የሷ መማር ሳይሆን መሃይም ሆና መቅረቷን ማየታቸው ነው እለዋለሁ።

አሁን ስለ ፍርሃት ልናገር። በዚህች ከተማ ሆኖ ስለ ትምህርት እያወሩ ጥር 20 ቀን 2016ን መዝለል ውሸት ይሆናል። በዚያ ዕለት እዚህ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። ነፍሳቸውን ይማር። የሞቱት ሰዎች ልጆች፣ የወንድም ልጆች፣ ጎረቤቶች ዛሬ ክፍል ውስጥ አሉ። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ዴስክ ሥር መግባት ለለመደ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሒሳብ ፈተና አይሰጥም። የመጀመሪያው ሳምንት ይጫወት፤ ይዘምር፤ ይሣል፤ ማውራት የፈለገ ያውራ፤ ዝም ማለት የፈለገ አይጠየቅ። መምህሩንም አትርሱት። እሱም የቀበረው ሰው አለ። ደመወዙ የዘገየበት፣ ከሠፈሩ የተፈናቀለ፣ ተይዞ የተደበደበ መምህር አለ። መምህር ሲያስተምር የአንዱ ወገን፣ ሲቀር የሌላው ወገን እየተባለ በሁለት እሳት መካከል ቆሟል። ቤት ያከራያችሁት መምህር ካለ በዚህ ዓመት ኪራይ አትጨምሩበት።

ጠመንጃ ለያዛችሁ ሁሉ፣ የቱም ወገን ሁኑ፣ አንድ ነገር ልናገር። ልጅ መመዝገቡን መንግሥት የሰላም ማስረጃ አድርጎ ሲቆጥረው፣ ትምህርት ቤት መዘጋቱን ተቃዋሚው የጉልበቱ ማስረጃ አድርጎ ሲቆጥረው አይተናል። ልጆቻችን የማንም ውጤት መለኪያ አይደሉም። ክፍል ውስጥ አትስፈሩ፤ ዴስክ አታንድዱ። ልጁን ያስመዘገበን አባት አታስፈራሩ፤ ሥጋት ስላለበት ያላስመዘገበውንም አትክሰሱ። መንገዱ ለልጆች ደኅና መሆኑን በቃሌ ላረጋግጥላችሁ አልችልም፤ ያን ማረጋገጥ የምትችሉት መሣሪያ የያዛችሁ ብቻ ናችሁ።

ወላጆች፤ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ካደናቀፈው አትቆጡት፤ ጠዋት ይዛችሁት ወደ ክፍል ኃላፊው ሂዱና የት እንዳቆመ ንገሩት። የወተመህ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ሥራ በዛብኝ ብላችሁ አትቅሩ። ርእሰ መምህሩ ይህን ያህል ተማሪ መዝግበናል ብሎ ሪፖርት ሲያነብ አጨብጭባችሁ አትበተኑ። ከተመዘገቡት ስንቱ ያነባል፣ የማያነበውንስ ማን በየትኛው ሰዓት ያስተምረዋል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እስክታገኙም ከመቀመጫችሁ አትነሡ።